አሮጊቷን ቮልስዋገን በገዛ እጄ

እርስዎ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ መኪና የለዎትም ብዬ ብገምት እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ብሆን በመምህርነት ደመወዝ መኪና ገዝቼ የምነዳ ሰው አይደለሁም። ያለችኝ መኪና አባቴ ትቶልኝ ያለፋት ቮልስዋገን ናት። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የተሠራች ስለ ሆነች ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። ድኻ ሰው አሮጌ መኪና የወረሰ እንደ ሆነ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ መሸጥ፣ ወይ እጁን ዘይት ማስነካት። መሸጡን እናቴ አልወደደችውም። ስለዚህ እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቱታ ለብሼ ከመኪና ሥር ተጋድሜ የሚያየኝ ሁሉ «ይህ ልጅ መምህር ነው ወይስ መካኒክ?» እያለ ያልፋል።

በቮልስ ባለቤት ላይ የማይቀልድ ሰው የለም። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት በመሆኑ ብቻ «የተገለበጠች» ይሏታል። እኔም መልስ አዘጋጅቻለሁ። ፖርሽ የተባለው ዝነኛ የእሽቅድምድም መኪና በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ሞተሩም ፍሬኑም ከዚችው ከቮልስዋገን የተወሰደ ነበር። እንግዲህ የእኔዋ የስፖርት መኪና አክስት ናት ማለት ነው። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ ፖርሹ የዳገት መንገድ ላይ ሲያልፋት የምታደርገውን ማየት እንፈልጋለን ይላሉ።

ቀልዱን ትተን ቁም ነገሩን ስንመለከት፣ በዓለም ላይ 21,529,464 የዚህ ዓይነት ቮልስዋገን ተሠርቷል። የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከተባለው ከተማ ፋብሪካ የወጣችው በኤውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 2003 ነው። በአዲስ አበባ ግን ዛሬም ቀለማቸው ታድሶ፣ ኮፋኗቸው ተወልውሎ ሲሄዱ ይታያሉ። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለ ከለከለ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ጠብቆ ከማኖር በቀር ሌላ ብልኀት የለውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የገጠመኝ ችግር የብረት አልነበረም፤ የሰው አፍ ነበረ። ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ግቢ ውስጥ መኪና መፍታት ማለት አደባባይ ላይ እንደ መቆም ነው። ከየበረንዳው ልብስ የሚያሰጡ እናቶች ያያሉ፤ ልጆች ከበው ያያሉ፤ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችንም ጋዜጣቸውን አጥፈው ያያሉ። እኒሁ አባት አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የተማርኸው ለዚህ ነው? ሰው ቀጥረህ አታሠራም?» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለክብሬ አስበው ነው። «አባባ፣ የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ይኸውም እሱው ነው» ብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቈየ በሽታ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን በሙያው ስም መስደብ እንዲቀር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አውጥተው ነበር። የሚያስደንቀው ነገር፣ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ እጅ መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው መኪና መንዳትንና መጠገንን ተማሩ። እኒህ ሰው ባለ ግጥምና ባለ ዜማ ስለ ነበሩ እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እንግዲህ በእኛ አገር ግጥምና ካምቢዮ በአንድ ሰው እጅ ተዋውቀው ነበር ማለት ነው፤ የተጣሉት ኋላ ነው። በልደታ ሰፈርም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። ቦሌ ሳይሠራ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበረ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የአውሮፕላን ሞተር የሚፈታ ሰው እጁ ቢጠቁር «ቴክኒሽያን» ተብሎ ይከበራል። የቮልስ ሞተር የፈታው ግን «ምነው፣ ሰው አጣህ?» ይባላል። ልዩነቱ ምን ላይ እንደ ሆነ እርስዎ ይንገሩኝ።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋ ነበረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ የሚናገረው ከጣልያን የወረስነውን አማርኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፤ ይህን ሁሉ በየትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። ሶማሌ ተራ ሄጄ «ከሲሊንደሩ ውስጥ ያለችው፣ ፈሳሹ እንዳይወጣ የምታግደው ክብ ላስቲክ» እያልሁ በእጄ ስሥል ነጋዴው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ጎሚኒ በለኝ እንጂ ወንድሜ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በኪሴ ትንሽ ደብተር ይዤ መዞር ጀመርሁ። በአንድ በኩል የመጽሐፉ ስም፣ በሌላው በኩል የጋራዡ ስም ይጻፍበታል። እስከ ዛሬ 140 ያህል ቃል ሞልቼበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ልግባ። ሞተርና ፍሬን በአንድ መኪና ላይ ይኑሩ እንጂ ለጀማሪ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። በሞተር ላይ የተበላሸ ሥራ የሠራ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል። በፍሬን ላይ የተበላሸ ሥራ የሠራ ሰው ግን አይቆምም። ቀልድ ይምሰል እንጂ ይህን ልዩነት ያላጤነ ሰው መፍቻ ባይዝ ይሻለዋል። የ1966ቷ ቮልስዋገን ደግሞ የፍሬኗ መሥመር አንድ ብቻ ነው። በኋላ በተሠሩት ላይ መሥመሩ ለሁለት ስለ ተከፈለ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይይዛል። በእኔዋ ላይ ግን ከአራቱ ጎማ በአንዱ ያለች ጎሚኒ ብትቀደድ አራቱም በአንድ ጊዜ ፍሬን አልባ ይሆናሉ። የሚቀረው በእጅ የሚሳበው ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም የሚይዘው የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ የራሴ ነገር አይደለም። እናቴ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትሳለማለች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ዳገቱን በእግሯ መውጣት አትችልም፤ በታክሲ መጋፋቱንም አልቻለችም። «አባትህ በዚች መኪና ነበር የሚያደርሰኝ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። መውጣቱ ቀላል ነው፤ ዳገት መኪናን ያደክማል እንጂ አይገድልም። ጭንቁ መውረዱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጠመዝማዛ ነው፤ የዳሩን መንገድ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይዘውታል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገዱን ሞልቶ ይወርዳል።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ ነው። ከሣር ቤት ስመለስ መኪናይቱ እንደ ደከመች በቅሎ መጎተት ጀመረች። ማርሽ ባወጣሁ ጊዜ በራሷ መንከባለሉን ትታ ወዲያው ትቆማለች። ፍሬን ስይዝም ወደ ቀኝ ትስባለች። ግቢ ገብቼ ቸርኬዎቹን በእጄ ጀርባ ስዳስስ አራቱም ይፋጃሉ፤ ይልቁንም የፊት ቀኙ። መኪና ወደ ቀኝ ሲስብ ሰው ሕመሙ በቀኝ በኩል ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ተቃራኒው ነው። የሚስበው ጎን በደንብ የያዘው ጎን ነው፤ የታመመው ያልያዘው ነው። አራቱም ካልለቀቁ ግን በሽታው በአንድ ጎማ ሳይሆን በምንጩ፣ ማለት በዋናው የፍሬን ፖምፓ ላይ ነው።

የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ከፊት ኮፋኖ ሥር ነው። ከፍቼ በስሪንጅ ጥቂት ቀዳሁ። ቀለሙም ሽታውም ስላላማረኝ በትንሽ ጠርሙስ አድርጌ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድሁ። ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን አዲሱን ፈሳሽም ይዤ ነበር። በ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ በአንደኛው አዲሱን፣ በሁለተኛው ከመኪናዬ የወጣውን ጨመርሁ። አዲሱ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ጠፋ። የእኔው ግን እንደ ወጥ ቅባት ተንሳፎ ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ ዘይት ነው!» አለች። ልክ ነበረች።

በዚህ ላይ ጥቂት እንድቈይ ይፍቀዱልኝ። «የፍሬን ዘይት» የምንለው ነገር ዘይት አይደለም። ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ከአልኮል ወገን የተሠራ፣ ከውሃ ጋር የሚዋሐድ ፈሳሽ ነው። ጎሚኒዎቹ የተሠሩት እሱን እንዲችሉ ነው። የሞተር ዘይት የነካቸው እንደ ሆነ ግን እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ፤ ፈሳሹ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባትን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናሉ። ያን ጊዜ እግርዎን ከፍሬኑ ቢያነሡም ፍሬኑ አይለቅም። አባቴ በሕይወት ሳለ መኪናይቱን ካዩለት ጋራዦች አንዱ «ዘይት» የሚለውን ስም አምኖ ዘይት ጨምሮበታል። የትኛው እንደ ሆነ መመርመሩን ተውሁት። ይህን ቃል ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ፣ «ታዲያ ስሙን ለምን አንለውጠውም?» አለ። ጥሩ አሳብ ነው፤ ግን ሶማሌ ተራን ማን ያሳምናል?

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ ገብቷል። በፊዚክስ ፈተና ከግማሽ በላይ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ጠርሙሱን ባሳየሁት ጊዜ ጣቱን ነክሮ አሻሸና፣ «ቲቸር፣ ላስቲክ የሆነ ነገር ሁሉ ይጣል» አለኝ። «የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ፣ የአራቱ ጎማ ጎሚኒዎች፣ ተጣጣፊዎቹ ጎማ ቱቦዎችም። አንዱን ካስቀሩ ሌላውን ይመርዘዋል።» ቱቦዎቹ በውጭ ሲታዩ ጤነኞች ነበሩ። እሱ ግን አንዱን በቢላ ሰንጥቆ አሳየኝ፤ ውስጡ አብጦ የክብሪት እንጨት የምታልፍበት ቀዳዳ እንኳ አልቀረውም። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ከ350 ዓመት በፊት ያገኘውን ሕግ፣ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል የሚለውን፣ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ይህ ልጅ ሕጉን በስም አያውቀውም፤ የት ላይ እንደ ታነቀ ግን በጣቱ ያመለክታል። እኔም አንድ ደንብ አወጣሁ፦ የፍሬን ሥራ ከሠራሁ በኋላ እሱ መጥቶ ሳያይ መኪናይቱ ከግቢ አትወጣም።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። እርስዎም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሥራ ቢያምርዎ ከሁሉ በፊት መኪናው በምን ላይ እንደ ቆመ ይመልከቱ። ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ አንሥቶ ለማቆየት አልተሠራም። በሰፈራችን ሰዎች ብሎኬት ሥሩ ሲያስገቡ አያለሁ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይደቅቃል፤ ከሥሩ ያለው ሰው ለመጮኽም ጊዜ አያገኝም። እኔ ከምናለሽ ተራ አራት የብረት መቆሚያ ገዛሁ፤ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ታምቡሩ ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ዱቄት ሞልቶት ይገኛል። ልማዱ እፍ ብሎ ማራገፍ ነው። አያድርጉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ይህም ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን በፌስታል አስሮ መጣል ነው። ሌላው ጕድ የፊት ግራው ጎማ ዳዶ ነው፤ ጥርሱ ተቃራኒ ስለ ሆነ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበቱ እያጠበቀ ይለፋል። የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያው በግራ ጎማ መካከል ስለሚያልፍ አስቀድሞ መፈታት አለበት።

ጎሚኒዎቹ ሁሉ ከተለወጡ፣ የብረት ቧንቧዎቹም ከታጠቡ በኋላ አየር ማስወጣት ይቀራል። አየር እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ሲገፉት ይጨመቃል፤ ስለዚህ አንዲት የአየር አረፋ ከውስጥ ከቀረች የእግርዎ ኀይል እሷን በመጭመቅ ያልቃል። ከፖምፓው እጅግ ከራቀው ጎማ ይጀመራል፤ ከኋላ ቀኝ፣ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ታናሽ እህቴ መሪው ላይ ተቀምጣ «ያዝሁ!» ትላለች፤ እኔ ከታች ቡሎኗን ፈትቼ አረፋው ሲወጣ አጥብቄ «ልቀቂ!» እላለሁ። ይህ ጩኸት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቈየ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት እናት፣ «ልጆች፣ ምን ሆናችሁ ነው የምትጣሉት?» ብለው ወረዱ። ጋዜጣ አንባቢው ጎረቤታችን ግን ያን ቀን አልነቀፉኝም። ወንበራቸውን አምጥተው ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ይጠብቁልኝ ነበር፤ ከጎደለ አየር እንደገና ስለሚገባ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። «ጨምር! እየጎደለ ነው!» ሲሉ ድምፃቸው ከእኛ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

ሁሉንም ግን በራሴ አልሠራሁም። የኋላውን ታምቡር የሚይዘው 36 ቁጥር ዳዶ የሚጠብቀው፣ በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ቢንጠለጠል በሚገኘው ኀይል ነው። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ያለው መፍቻ የለኝም፤ ያ ዳዶ ከላላ ደግሞ ጎማው ነው የሚሄደው። ስለዚህ እሱን ጋራዥ ወስጄ በልኩ አስጠበቅሁ። ያረጁትን ታምቡሮች ማስለካትና ማስተካከልም የቶርኖ ባለሙያ ሥራ ነው። «በገዛ እጄ» የሚለው ቃል የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን እናትን በሚያሳፍር መኪና ላይ ኩራት ቦታ የለውም።

ስለ ሞተሩ አጠር አድርጌ ልናገር። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው መዝገብ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለችው ሞተር እዚህ ወደ 30 ትወርዳለች፤ የሚያቀዘቅዛትም አየር በዚያው መጠን ያንሳል። ካርቡራቶሩ ለባሕር ዳርቻ እንደ ተስተካከለ ከቀረ ለጥቂት አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል። ቤንዚን የምታሳልፈውን፣ ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የነሐስ ቡሎን በጠበበችው መለወጥ ብቻ ይበቃል።

ከሞተር ሥራ እኔን የሚያስደስተኝ ቫልቮላ ማስተካከል ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ጧት ከቅዳሴ ደወል ጋር ተነሥቼ እጀምራለሁ። ከቫልቮላው ጫፍና ከሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል፣ 0.10 ነው፤ በኋላ ፋብሪካው ራሱ ወደ 0.15 ከፍ አድርጎታል። ብዙ ሰው ሞተሩ ተክ ተክ ሲል ይደነግጣል፤ ዝም ሲል ይደሰታል። በቮልስ ላይ ግን ዝምታው ነው የሚያስፈራ። ቫልቮላው ከጊዜ ብዛት ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠፋል፤ ድምፁም ይጠፋል፤ ከዚያ ቫልቮላው መግጠም ያቅተውና እሳቱ እያለፈ ያቃጥለዋል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ይታመማል፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣ በአየሩ መንገድ ላይ ስለ ቆመ ለእሱ የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፤ ከሞተሩ በላይ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ ቱቦ ከተሰነጣጠቀ ዛሬውኑ ይለወጥ። ብዙ ቮልስ በእሳት ያለቀው በዚህ ነው።

የካቲት 16 ደረሰ። ከዋዜማው ልጁ ጋራዡን ዘግቶ መጣ። ፍሬኑን በእግሩ ረግጦ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይለቅ ቆየ፤ እንዳልሰመጠ አየ። ከዚያ ወጥቶ በእጅ ባትሪ አራቱንም ጎማ ከኋላ ተመለከተ። በግቢው ውስጥ በቀስታ ነድቶ ሦስት ጊዜ ያዘ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልሳበችም። «ቲቸር፣ ይሂዱ» አለኝ፤ ከተማሪ አፍ እንደዚህ ያለ የፈተና ውጤት ተቀብዬ አላውቅም።

ሲወጡ ሁለተኛ ማርሽ በቂ ሆነ። ሲወርዱም በዚያው በሁለተኛ ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ሒሳብ ሠርተን ነበር፦ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ብቻውን ቢይዘው፣ የሚወለደው ሙቀት 13 ሊትር ያህል ውሃ ከቤት ሙቀት አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ያን ሁሉ ሙቀት በአራት ታምቡር ማስቀመጥ ነው። አዲስ የፍሬን ፈሳሽ፣ ዶት 3 የሚባለው፣ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ዓመታት ቈይቶ የክረምቱን እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ፈሳሽ አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ አየር ማለት ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፣ ቁልቁለትንም በሞተር ጉልበት መውረድ ያስፈልጋል። ዜሮ ማርሽ አድርጎ ቤንዚን እቆጥባለሁ የሚል ሹፌር ያየሁ እንደ ሆነ ከመኪናው እወርዳለሁ።

እናቴ ጠበሏን በጄሪካን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። መንገዱ ሕዝብ በሕዝብ ነው። አንድ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ድንገት ከፊቴ ሲገባ ረገጥሁ፤ መኪናይቱ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጄሪካኑ ብቻ ወደ ፊት ተንሸራተተ። እናቴ አማተበች፤ ጄሪካኑን ወደ ጭኗ መልሳ፣ «አባትህ ግን ቀስ አድርጎ ነበር የሚይዝ» አለችኝ።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ዳር ይዤ ወረድሁና አራቱን ቸርኬዎች በእጄ ጀርባ ዳሰስኋቸው። ሦስቱ እኩል ሞቀዋል። የኋላ ቀኙ ከሌሎቹ ቀዝቀዝ ብሎ አገኘሁት፤ ሸራው ከታምቡሩ ትንሽ ርቋል ማለት ነው። በካቻቪቴ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ማቅረብ ነው፤ ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ፤ ጋዜጣ አንባቢው ጎረቤታችንም መብራቱን እይዛለሁ ብለዋል።